ቀኑ ደርሶ ነው?

ሰው በድንገት ሲሞት ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ነው። ለለቅሶ ቤት የተገባ ቃል ነው፤ የሐዘንተኛን ጸጸት ያለዝባል፣ ሟቹንም ለፈጣሪው ያስረክባል። ሙግቴ ቃሉ ቦታውን ሲለቅ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ከተነገረለት፣ መጽናኛነቱ ይቀርና አጠገቡ ለቆመው ሰው ማምለጫ ይሆናል። በአሜሪካ በየጊዜው የሚደርሰው የጅምላ ተኩስ ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣል፤ የሟቾቹ ቁስል በሐኪሞች ተመርምሯልና።

የአዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው። ጥይት የጭኑን ትልቅ ደም ቅዳ ከበጠሰበት፣ ልቡ በመታ ቁጥር ደሙን ወደ ውጭ ስለሚገፋው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ግን ሊቆም የሚችል ደም ነው። ከቁስሉ በላይ ጠብቆ የታሰረ ቱርኒኬት የተባለ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ እሱ ከሌለም ቁስሉ ውስጥ ተጠቅጥቆ በሁለት እጅ አጥብቀው የተጫኑት ጨርቅ ሊያቆመው ይችላል። በኢራቅ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች እንዳዩት፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ሰውነታቸው ሳይዝለፈለፍ ቱርኒኬት ከታሰረላቸው ቁስለኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ተርፈዋል፤ ከተዝለፈለፉ በኋላ ከታሰረላቸው ግን የተረፉት ከአሥሩ አንድ ያህል ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በቀዶ ሐኪሙ በዶክተር ሌንወርዝ ጄከብስ የሚመራ ቡድን በሃርትፎርድ ተሰብስቦ ደም ማቆምን ተራው ሰው ጭምር እንዲማረው ጠየቀ። በ2015 «ስቶፕ ዘ ብሊድ» (ደሙን አቁም) የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። እንደ እኔ ይህ የሕክምና ዜና ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 በባልንጀራ ደም ላይ ዝም ብሎ መቆምን ይከለክላል፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ከዚሁ ትእዛዝ በአደጋ ላይ ያለን ሰው የማዳንን ግዴታ አውጥተዋል። ደሙ የሚቆምበትን መንገድ በጥቂት ሰዓት መማር የሚቻል ከሆነ ደግሞ፣ አለመማርም ዝም ብሎ ከመቆም ይቆጠራል።

«እግዚአብሔር የቆረጠውን ቀን ጨርቅ ይመልሰዋል ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ማግኘት ይቻላል። በነቢዩ አፍ እንደሚሞት ተነገረው፣ ጸለየ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ፈጣሪ ሊያድነው ቆርጦ ሳለ መድኃኒቱን በሰው እጅ አስደረገ። ቀኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ፣ እኛ አለማወቃችን ለመሥራት እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆነንም። የሰው ዕድሜ የተቆረጠ ነው ብሎ የሚያምነው እስልምናም ቢሆን የአንዲትን ነፍስ መዳን ከሰው ሁሉ መዳን ጋር ያስተካክላል።

ከዚህ የሚከብደው ከሐኪሞቹ ከራሳቸው የሚመጣው ተቃውሞ ነው። የ12 የጅምላ ተኩሶችን 139 ሟቾች የመረመረ ጥናት፣ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከእጅ ወይም ከእግር ደም ፈስሶት ብቻ የሞተም አልተገኘም። አብዛኛው ቁስል ራስና ደረት ላይ ነውና፣ እዚያ ደግሞ ማሰሪያ አይታሰርም። ይህ እውነት ነው፤ ቱርኒኬትን እንደ ጠበል የሚያዩ ሰዎችም ሊሰሙት ይገባል። ግዴታውን ግን ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም። ደረቱ ውስጥ ለሚደማ ሰው መድኃኒቱ ቶሎ ቀዶ ሐኪም ፊት መድረስ ነው። በ2016 በኦርላንዶ በፐልስ የምሽት ክበብ ከተገደሉት 49 ሰዎች 16ቱ ሊተርፉ በሚችሉበት ቁስል እንደሞቱ ተጽፏል፤ የፖሊስ ከበባው ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር። በ2022 በዩቫልዴ ከተማ በደረሰው የትምህርት ቤት ተኩስ ፖሊሶች ከደረሱ በኋላ ገዳዩን እስኪጋፈጡት 77 ደቂቃ አለፈ። እዚያ በደም ላይ የቆመው መሣሪያና ሥልጣን የያዘ አካል ነው።

በ1999 በኮለምባይን ትምህርት ቤት በደረሰው ተኩስ ግን ተማሪዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው የመምህራቸውን ቁስል ለሰዓታት ተጭነው ይዘዋል። መምህሩ እርዳታ ዘግይቶበት ሞተ። የልጆቹ ሥራ ከንቱ ነበር የሚል ካለ፣ ግዴታን በውጤት ብቻ እየለካ ነው። ስለዚያ መምህር «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት የሚችሉ ቢኖሩ እነዚያ ልጆች ብቻ ናቸው።

ተራው ሰው ደም ማቆም ሲማር ጠመንጃውን ገበያ ያወጡት ከተጠያቂነት ያመልጣሉ የሚለውን ስጋት እጋራዋለሁ። ሕግ አውጪ ግድያውን ካላስቀረ የፈሰሰው ደም ይጠየቅበታል። ያ ሙግት እስኪያልቅ ግን ቁስለኛው አይቆይም። ገና እየተተኮሰ ወደ ጥይት ሩጡ የሚል ትምህርትም የለም፤ ሥልጠናው ራሱ የሚጀምረው የራስን ደህንነት በማረጋገጥ ነው። በአሜሪካ ያላችሁ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊድ አስተዳዳሪዎች፣ አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ አሠልጣኝ ጋብዙ፤ ማሰሪያና ፋሻ የያዘ ሣጥንም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀሉ።