በደጃፋችን ያለ አደራ



በአብዛኞቻችን ቤት ወይ ውሻ ወይ ድመት አይጠፋም። ውሻው በደጃፍ፣ ድመቷ በምድጃው ዳር የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ ኮቴያችንን ለይቶ ጅራቱን እየቆላ የሚቀበለን ውሻ ነው፤ እህላችንን ከአይጥ የምትጠብቅልን ድመት ናት። ይሁን እንጂ ስለ እነርሱ በስብከትም ሆነ በትምህርት ጊዜ የምናነሣው እምብዛም ነው። ዛሬ ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቁምስናችን የደረሰ አንድ ነገር ነው።

በቁምስናችን ግቢ ቡቺ የሚባል ውሻ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም የተረፈንን እንጥልለታለን፤ ሌሊት ሲጮኽ እንመካበታለን። አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ከሚዘጋጁት ልጆች አንዱ፣ ቡቺ አጥንት ሲግጥ ሊያሻሸው ቀርቦ እግሩን ተነከሰ። ልጁም ቁስሉን በካልሲው ሸፍኖ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መምህርቱ ሲያነክስ አይተው ቢጠይቁት አለቀሰና «ከተናገርኩ ቡቺን ይገድሉታል ብዬ ነው» አላቸው።

እኛም ይህን ስንሰማ ተደናገጥን። ከመካከላችን «ውሻው አሁኑኑ ይገደል» ያለ ነበረ፤ «ጠበል ይበቃዋል» ያለም ነበረ። ውሻው ተከትቦ እንደ ሆነ ስንጠያየቅ ግን መልስ የሰጠ አልተገኘም። ለካስ ውሻው ሁላችንም የምናበላው፣ ነገር ግን ማናችንም ኃላፊ ያልሆንለት ነበር። ያ ሕፃን ለውሻው ነፍስ ሲጨነቅ፣ እኛ ትልልቆቹ ለውሻውም ለሕፃኑም ሳንጠነቀቅ ኖረናል።

መምህርቱ ዘግይቶም ቢሆን ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥበው ልጁን ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ክትባቱንም በተቀጠረለት ቀን ሁሉ ሳያጓድል ተቀበለ። ቡቺ ደግሞ በሐኪም ምክር 10 ቀን ታስሮ ተጠበቀ። በነዚያ ቀናት ልጁ ከትምህርት ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየው ነበር። ቡቺ ጤነኛ ሆኖ ተገኘና ተከተበ፤ እኛም እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ነገር ግን አፈርን።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ዝም አላለም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ሕይወት እንደሚያስብ ያስተምረናል። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው ተከተላቸው፤ ሲመለሱም አብሮአቸው ነበረ። ተአምር የሠራው መልአኩ ነው፤ ውሻው ከመሄድና ከመመለስ በቀር ያደረገው ነገር አልተጻፈም። ሆኖም ታማኝነቱ ለመጻፍ በቃ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ደግሞ ባለጠጋው ያለፈውን የአልዓዛርን ቁስል ውሾች ላሱለት። ድመትስ? በትንቢተ ባሮክ መጨረሻ በሚገኘው የኤርምያስ መልእክት ውስጥ፣ በጣዖታት ላይ ከሚቀመጡት ወፎች ጋር ድመቶችም ተጠቅሰዋል። ሰው የሰገደለት እንጨት እንጨት መሆኑን ድመት እንኳ አልሳተችም!

እንግዲህ ፍቅራችን ልክ እንዲኖረው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያስተምራል። እንስሳትን ያለ ምክንያት ማሠቃየትና ሕይወታቸውን በከንቱ ማጥፋት የሰውን ክብር የሚቃረን ነው። እንዲሁም አስቀድሞ ለሰዎች ችግር መዋል የሚገባውን ገንዘብ በእነርሱ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ለሰው ብቻ የሚገባውንም ፍቅር ለእንስሳ መስጠት አይገባም። ስለዚህ ግልገሎቹን በጆንያ አስሮ ወንዝ ዳር የሚጥል ሰው፣ ወይም ያረጀውን ውሻ ከከተማ ውጭ ጥሎ የሚመለስ ሰው ይበድላል። ውሻውን በሥጋ አጥግቦ በር ላይ የቆመውን ድኻ የሚያባርርም ይበድላል።

ጭንቀቱም አለ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም» እንደሚባለው፣ ምንም ቢለምዱን እንስሳት ናቸውና የተፈጥሮ ጠባያቸውን አንርሳ። ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰን አንድ ሕፃን በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ አለ።

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸሎትና ጠበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናልና፣ ሐኪምን የናቀ እምነቱን አበዛሁ አይበል።

ሌላም አለ። በበዓል ቀን በግ ስናርድ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ የመጣል ልማድ አለን። በውስጡ እጭ ካለበት ውሻው የትል በሽታ ይይዘዋል፤ ከእርሱም ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል። ስለዚህ የተበላሸውን ጥልቅ አድርገን እንቅበር። ነፍሰ ጡር እናቶችም የድመት ዓይነ ምድር ከመጥረግ ይቆጠቡ፤ በቤት ያለ ሌላ ሰው ይሥራላቸው።

ክቡራን መምህራን፣ ለልጆቻችን ሁለት ነገር አስተምሩልን። አንደኛው፣ የሚበላን፣ የተኛንና ግልገሎቿን የምታጠባን እንስሳ እንዳይነኩ፤ ሁለተኛው፣ ቢነከሱ ሳይፈሩ እንዲናገሩ ነው። ይህ ሁለተኛው ግን በእኛ ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃን እውነትን የሚደብቀው ቁጣችንን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነውና።

ዛሬ ቡቺ ኃላፊ አለው። የሚከተብበት ቀን በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎአል፤ ቀኑንም እንድናስታውስ የሚያሳስበን ያው ልጅ ነው። እግዚአብሔር አምላክ ምድርንና በእርሷ የሚኖሩትን አደራ ሲሰጠን የሰጠን ሩቅ ያለውን ብቻ አይደለም፤ በደጃፋችን የተኛውንም ነው። በጥቂቱ ታማኞች ሆነን እንገኝ ዘንድ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።