ሐያእ ማለት ዝም ማለት ነው?



ከኒካሓችን በፊት ከባለቤቴ ጋር ስለ መህር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ወላጆቻችንን እንዴት እንደምንረዳ ተነጋግረናል። እሷ ትምህርቷን ስላልጨረሰች ልጅ ለሁለት ዓመት እንድናዘገይም ተስማማን። በምን እናዘገያለን የሚለውን ግን አላነሳነውም። እኔ የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት፤ እሷም አፈረች። ከአገር ቤት የመጣች ዘመዷ የሰጠቻትን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል መዋጥ ጀመረች። (ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው።)

የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የምታማክረውና የምታዘው አዋላጅ ነርስ ናት። እንክብሉ ሲያልቅ ባለቤቴ ወደ አንዷ ሄደች። ነርሷ የደም ግፊቷን ለካችና ራስ ምታት እንዳለባት ጠየቀቻት። አለባት። ከመጀመሩ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር ታያለሽ ወይ? ከልጅነቷ ጀምሮ ታያለች። ይህ ኦራ ያለው ማይግሬን ይባላል። እንዲህ ያለ ራስ ምታት ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን ጥምር እንክብል ስትወስድ የስትሮክ አደጋዋ ይጨምራል። ነርሷ እዚያው አስቁማት ኤስትሮጅን የሌለውን ዓይነት አዘዘችላት። ምንም አልደረሰባትም፣ አልሐምዱሊላህ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ራስ ምታቷን አውቅ ነበር፤ እንክብሉንም አውቅ ነበር። አንድ መሐንዲስ ድልድይ ላይ ሸክም ሲጨመር አፍሮ ስሌቱን ሳይጠይቅ ቀረ ቢሉኝ ይቅር አልለውም። እዚህ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ አደጋውን የተሸከመው ግን የእሷ ሰውነት ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው ይህ ጉዳይ በማይነሳበት ቤት ነው፤ ዝምታውንም ሐያእ እንለዋለን። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላልከለከላቸው ነው። ጃቢርም (ረ.ዐ) ቁርአን በሚወርድበት ዘመን ሰሐቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ተናግሯል። እሱ አፍሮ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ዑለማእ ስለ ወሊድ መከላከያ ሲወያዩ በምን ይነሱ ነበር? ብዙዎቹ ባልና ሚስት ከተስማሙ ጊዜያዊውን መከላከያ ይፈቅዳሉ። ዐዝልን ያለ ሚስት ፈቃድ ያልፈቀዱም ብዙ ናቸው። እኔ ከዚህ የምረዳው ባል "ዋጪ" ብሎ ማዘዝ እንደማይችል ነው። ለዝርዝሩ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም።

አንድ ጓደኛዬ "የሷ የግል ምስጢር ነው፣ ባትገባበት ይሻላል" አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ከነርሷ ጋር ብቻዋን መነጋገር ከፈለገች መብቷ ነው። ነገር ግን የማዘግየቱ ጥቅም የሁለታችን ሆኖ ማወቁና መጨነቁ የእሷ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ምኑን ነው የተስማማሁት?

ቢያንስ ይህን ማወቅ ይቻላል። ጥምሩን እንክብል በትክክል ከሚወስዱ 100 ሴቶች በዓመት ውስጥ የሚያረግዙት ከ1 ያነሱ ናቸው፤ በተለመደው የሰው አወሳሰድ ግን ወደ 7 ይደርሳሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው መርሳት ነው። አንድ የረሳች እንዳስታወሰች ትውሰድ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንባትም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካለፋት የመጨረሻውን ወስዳ ትቀጥል፤ 7 ቀን በተከታታይ እስክትወስድ ድረስ መታቀብ ወይም ኮንዶም ያስፈልጋል። መዋጥ ጾም ስለሚያፈርስ በረመዳን ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ጥምሩን አይጎዳውም። ኤስትሮጅን የሌለው ግን በሰዓት ጥብቅ ነው። የእኔ ስልክ በየማታው የሚጮኸው ለዚሁ ነበር።

ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ሐኪም ሳታማክር ጥምሩን አትጀምር። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒትና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳሉ። እየወሰደች ሳለ አንድ እግሯ ካበጠና ካመማት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም አፏ በድንገት ከተሳሰረ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። የዘመድ እንክብል እነዚህን ጥያቄዎች አይጠይቅም።

ባለፈው ወር ኒካሑ የቀረበው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። "እንዴት ብዬ ነው የማነሳው?" አለኝ። "ራስ ምታት ይይዝሽ እንደሆነ ጠይቃት፤ ከዚያ ይቀጥላል" አልኩት። ሳቀብኝ። ማታ መልሶ ሲደውል ግን አልሳቀም። እናቷ በወጣትነታቸው እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ታክመው ኖሯል። ሐሙስ ነርሷ ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል።