የዝናቡ ቀን ጥሕሎና የጎረቤት ድንኳን

 

የዛሬው ጥያቄ ከኪታብ የወጣ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ የተነሳ ነው፤ ያነሳችውም የ19 ዓመት እህቴ ናት። «አጠገቤ ያለ ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ እኔ ትኩስ በልቼ ብደሰት፣ ያ ደስታ ኒዕማ ነው ወይስ ግፍ?» አለችን። መኪናው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ጥያቄ በሆዳችሁ ይዛችሁ እንደምትዞሩ ስለማውቅ ነው ዛሬ ያመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቐለ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ ነው የምታገኘው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በልጣ የተቀመጠች ስለሆነች ደመናው ዝቅ ሲል ብርዱ የዋዛ አይደለም። ባለፈው ነሐሴ በአንዱ ቅዳሜ እናቴ «ልጆቹ ነጃሺን ሳያዩ ክረምቱ አይውጣ» አለችና ስምንት ሆነን ሚኒባስ ተከራየን። ኩሓን፣ ማይ መኽደንን፣ አጉላዕን አልፈን ውቅሮ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ከመንገዱ ዳር ልጆች ፕላስቲክ ተከናንበው በለስ ይሸጣሉ። ነጋሽ ከመቐለ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለችው፤ ስንደርስ ጉም ውጧታል።

በ2013ቱ ጦርነት በተጎዳው መስጂድ ዙህርን ሰገድን። ከዚያ ወንድሜ «እስከዚህ መጥተን ኮረብታው ላይ ሳንወጣ አንመለስም» አለ፤ ወጣን። ሩብ መንገድ ሳንሄድ ዝናቡ ወረደ፤ በመሃል በረዶ ተቀላቀለበት። የእህቴ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በእግሯ ብቻ ወጣች፤ ሳቅን። ትንሹ የእህቴ ልጅ አለቀሰ፤ አዘልነው። እናቴ ድስቷን እንደ ሕፃን በጋቢዋ ጠቅልላ ይዛለች፤ እሷ ትረጥብ እንጂ ድስቱ አይነካም።

አንዲት ክርስቲያን እናት ከህድሞዋ ደጃፍ ቆማ ጠራችን። እሳት አነደደችልን፣ ቆሎ አቀረበች፣ ሻሂ አፈላች። ወጣችንን በእሳቷ አሞቀችልን፤ ሆኖም ጊዜው ፍልሰታ ነውና «ጾም ባይሆንም የናንተን ሥጋ አልበላ፤ እናንተም የኔን አትበሉ፤ እሳቱ ግን የሁላችንም ነው» ብላ ሳቀች። እናቴ የገብሱን ዱቄት አቦካች፤ ጥሕሎውን እያድቦለቦለች በትሪው ዙሪያ ደረደረችው፤ የበጉ ወጥ በመሃል ሆነ። በባለ ሹካዋ እንጨት እየወጋን ወጡ ውስጥ እየነከርን በላን። ጣታችሁ በብርድ ደንዝዞ ያን የበርበሬ ትኩሳት ስትቀምሱ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ በረዶው ይንጣጣል፤ ውስጥ የስምንት ሰው ሳቅ አለ።

ይህ ደስታ የሀብታም ደስታ አይደለም፤ የሰው ልጅ ደስታ ነው። ቶኪዮ አጠገብ ታካኦ የሚባል ተራራ አለ፤ ጃፓኖች ከነቤተሰባቸው ይወጡታል፤ አካባቢው ሶባ በሚሉት ቀጭን የእህል ፓስታ የታወቀ ነው። እዚያም በዝናብ ርሶ የወረደ ቤተሰብ ትኩስ ሾርባ ከበው ሲቀመጡ የሚሰማቸው ይኸው ነው። (ተራራው 599 ሜትር ነው። የመቐለ ሜዳ ራሱ ከሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ እህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ እኛ ቤታችን ተቀምጠንም ተራራ ወጥተናል ማለት ነው» አለች።)

ወደ ማታ ተመለስን። ቤታችን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ካረፉበት አንድ የትምህርት ቤት ግቢ አጠገብ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን አሁንም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ዝናቡ እዚህም ወርዶ ኖሯል። አንድ አባት በአካፋ ከድንኳኑ ሥር ውሃ ያወጣል፤ ሁለት ልጆች ጡብ ላይ ቆመዋል። ያን ጊዜ ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ የጥሕሎውን ቪዲዮ ሊለጥፍ ነበር። እህቴ እጁን ያዘችው። ጥያቄዋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ። ከቤተሰብ ጋር መውጣት፣ መብላት፣ መሳቅ ሐላል ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ሐንዘላ (ረ.ዐ) የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊ ነበር። አንድ ቀን ራሱን ሙናፊቅ እያለ ሲሄድ አቡበክር (ረ.ዐ) አገኙት። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከነብዩ ጋር ሲሆን ጀነትና ጀሀነምን በዓይኑ እንደሚያይ ይሆናል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ያ ስሜት ይጠፋበታል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱለት አንዱ ሰዓት ለዚህ፣ ሌላው ሰዓት ለዚያ መሆኑን ነው። ሰልማንም (ረ.ዐ) ቀኑን በጾም ሌሊቱን በሶላት ብቻ ለሚያሳልፈው ለአቡ ደርዳእ ነፍስህም ቤተሰብህም ሐቅ አላቸው ብሎ ሲመክረው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ይህ ቡኻሪ ላይ አለ። እንግዲህ እናቴ ልጆቿን ሰብስባ ኮረብታ ማውጣቷ የዱንያ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሐቅ መክፈል ነው።

ዝናቡ ራሱስ? አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲዘንብ ልብሳቸውን ከገላቸው ገለጥ አድርገው እንዲነካቸው ፈቅደዋል፤ ለምን ሲባሉም ከጌታው ዘንድ አዲስ የመጣ ስለሆነ ነው አሉ። ይኸው ዝናብ ግን ለሌላው መከራ እንደሚሆንም ዲናችን ያውቃል። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በአንድ ዝናባማ ጁምዓ ሙአዚኑን «ወደ ሶላት ኑ» በሚለው ፋንታ ሰዎች በቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲጣራ አዘዙት። ሰዎቹ ግራ ሲገባቸው፣ ከሳቸው የሚበልጠው ይህን ማድረጉን ነገሯቸው፤ በጭቃና በሚያንሸራትት መንገድ እንዲወጡ ማድረግን ጠሉ። ልብ በሉ፤ ጁምዓን የሚያህል ግዴታ ለሰው እግር ሲባል ቦታ ለቀቀ። ስለ ዝናብ ማውራት የጀመረ ሰው ስለ ጭቃው ካላወራ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

የእህቴ ጥያቄ የሚከብደው ግን ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘንድ ስንደርስ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናና ዙሪያዋ ዝናብ አጡ፤ ዓመቱም ዓመተ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ዑመር ሕዝቡ እስኪያገግም ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ላይቀምሱ ማሉ። ዘይት ብቻ ከመብላት ብዛት የቆዳቸው ቀለም ተለወጠ። አገልጋያቸው ከገበያ በውድ ዋጋ ቅቤና ወተት ቢገዛላቸው ሰደቃ አስደረጉት፤ ሕዝቡን የነካው እኔን ካልነካኝ ጉዳዩ እንዴት ያሳስበኛል አሉ።

ታዲያ በዚህ ሚዛን የኛ ጥሕሎ ግፍ ሆነ? ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ደስ ሲላቸው ያፍራሉ፤ ሲያፍሩ ራሳቸውን ጥሩ ሰው አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይሠሩም። በኔ እይታ ይህ የዑመር መንገድ አይደለም። የዑመርን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የዚያን ዓመት በመዲና ትልቁ ድስት የዑመር ነበር። ግመል እያረዱ፣ ሌሊት ተነስተው በትላልቅ ድስቶች እያስበሰሉ በሺህ የሚቆጠር ሰው አበሉ፤ ከሻም የእህል ግመሎች አስመጡ። የራሳቸውን ቅቤ የተዉት ምግብን ጠልተው አይደለም፤ መሪ ስለሆኑና የሕዝቡ ረሃብ እንዳይረሳቸው ነው። ሌላውንም ሰው ከልጆቹ ጋር አትሳቅ አላሉትም። እህቴ በልታ ብታዝን ለዚያ በአካፋ ውሃ ለሚያወጣው አባት ምን ጨመረችለት? ሐዘኗ ድንኳኑን አያደርቀውም።

እዚህ ላይ ነጋሽ የሄድንበትን ምክንያት አስቡ። ያ ቦታ ለምን ተከበረ? በ615 ገደማ ከመካ በግፍ የተሰደዱ ሰዎች በዚህ አገር ተጠልለው ነው። ስደተኞች ነበሩ፤ በዘመናችን ቋንቋ ተፈናቃዮች። እነ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያን ዘመን ሲያስታውሱ ነጃሺን ከሁሉ በፊት የጠሩት ጥሩ ጎረቤት ብለው ነው። ንጉሥ ከመባሉ ይልቅ ጎረቤትነቱ ነው ትዝ ያላቸው። እኛ ለዚያ ጎረቤት ክብር 60 ኪሎ ሜትር ነድተን ሄደን፣ ከቤታችን ግንብ ማዶ ያለውን ጎረቤት በመስኮት ብቻ ካየን፣ ጉዞው ምን ላይ ነው የጎደለው?

ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) የተነገረው ምክር መልሱን ይዟል። መረቅ ስትሠራ ውሃውን አብዛና ጎረቤቶችህን አስብ ነው ነገሩ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ከፈቂህ በላይ ይረዳዋል። ድስቱን አትጣድ አልተባለም። ሙሉውን ስጥም አልተባለም። ውሃ ጨምር ነው የተባለው። ወጡ ትንሽ ይቀጥናል፤ የምትከፍለው እሱን ነው። የበግህ ቁርጥራጭ እዚያው አለ፣ ልጆችህም በልተው ይስቃሉ፣ ጭልፋው ግን አንድ ቤት ይሻገራል።

ስለ ቪዲዮውም ትጠይቁኛላችሁ። ጎረቤትህን በድስትህ ሽታ አታስቸግረው፣ ካልሆነ ጨልፈህ ስጠው የሚል አንድ ዘገባ አለ፤ ሰንሰለቱን ሊቃውንት ደካማ ብለውታል፣ ስለዚህ ማስረጃ አላደርገውም። ስልክ ግን የድስትን ሽታ አገር አቋርጦ እንዲሄድ አድርጎታል። የለጠፈውን ሰው ሐራም ሠራህ አልለውም። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ አልለጠፈውም፤ እናቴ ጋ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ያየዋል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ይህን የምታነቡት ሁሉ ከግንቡ ወዲህ ያላችሁ አይደላችሁም። ከድንኳን ውስጥ ሆናችሁ የምትከታተሉ አላችሁ፤ ትጽፉልኛላችሁ። አንዱ ወንድማችን የጻፈልኝን አልረሳውም፤ ሰዎች ሊጠይቁት ሲመጡ እሱ ከልጆቹ ጋር ሲስቅ ካገኙት ድንግጥ ይላሉ፤ ሳቁ ዕርዳታውን የሚያስቀርበት ይመስለዋል። ይህ ከባድ በደል ነው። የተቸገረን ሰው ሁልጊዜ አልቅስ ማለት የቀረችውን ሪዝቅ መንጠቅ ነው። የሐንዘላ ሰዓት ለሱም አለችው።

እናቴ በተከታዩ ቅዳሜ የገብስ ዱቄቷን ይዛ ወደ ግቢው ገባች። ብቻዋን አላቦካችም፤ እዚያ ያሉት እናቶች «ወጡ ቀጭን ነው» ብለው ተቿት፣ በርበሬ ጨመሩ፣ ተከራከሩ። ከሑመራ የመጣች አንዲት እናት ግን ጥሕሎውን ይዛ ዝም አለች። ሑመራ ቆላ ናት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ወራት አሉ። ሴትየዋ በሕይወቷ ጋቢ ኖሯት አያውቅም፤ አላስፈለጋትም ነበር። ለእኛ «ትንሽ ብርድ» የሆነው ለሷ ሌላ ነገር ነው። ይህን ከመስኮት ማዶ ሆነን ስናያት ልናውቀው አንችልም ነበር።

ስለዚህ ከሶላት በኋላ ወደ ገበያ የምትሄዱ ካላችሁ፦ በዚህ ወቅት የሚፈለገው ያረጀ ቲሸርት አይደለም። ሸራ፣ ገመድ፣ ጋቢና ከመሬት ከፍ የሚያደርግ የእንጨት ርብራብ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ጠይቁ፤ የየድንኳኑ ፍላጎት አንድ አይደለም። ሻሂ ካቀረቡላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ተቀምጣችሁ ጠጡ።