አረሩ ነው ወይስ እጁ?

በጎብዬና በቆቦ ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ድንጋዩ ወፏን ስቶ የጎረቤት ፍየል እግር ቢሰብር አባትየው ይክሳል እንጂ «ድንጋዩ ነው» ብሎ የሚከራከር የለም። ነገሩ ጠመንጃ ሲሆን ግን አነጋገራችን ይለወጣል። «ጥይት መታው» እንላለን። «ሽጉጡ ባረቀበት» እንላለን። «ተባራሪ ጥይት» እንላለን፤ በገዛ እግሩ ከቤት የወጣ ይመስል! እንግዲህ ጥያቄያችን ይኸው ነው፦ ጥይት ፈቃድ አለው ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ከፈላስፋ ይልቅ በእጁ የሞላውን ጥይት የሚፈትን ሰው ይሻላል ባዮች ነን። ጥይት ለአገራችን ሰው የተኩስ ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ የፈረንሳዩ ግራ፣ በእኛ አጠራር ውጅግራ፣ 11 ሚሊ ሜትር የእርሳስ አረር ይተፋ ነበር፤ ጥይቱም በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ አገልግሏል። ባዶው ቀልሃም ቢሆን እንደገና ሊሞላ የሚችል ናስ ነው።

አሁን አንድ ሰው እርሳስ አቅልጦ፣ በቅርጽ አፍስሶ፣ ለሽጉጡ ጥይት ሞላ እንበል። አንዱን ተኩሶ ዒላማውን መሐል ለመሐል በሳው። ይኼ ምንም አያስረዳም፤ ዕድልም እኮ ይበሳል። ደንበኛው ፈታኝ አረሮቹን አስቀድሞ ይመዝናል፤ ሲፈስ አየር የቀረበት አረር ይቀላል፣ ሲሽከረከርም ይወላገዳል። ባሩዱ ከቀልሃ ቀልሃ እንዳይበላለጥ ይጠነቀቃል። ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያስደግፋል፣ ርቀቱን አይለውጥም፣ አምስት ወይም አሥር ይተኩስና በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ይለካል። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው፣ ግን ከመሐሉ ርቀው ቢገኙስ? ያን ጊዜ አረሩ ነጻ ነው። ወይ ማነጣጠሪያው ተዛብቷል፣ ወይ እጅ ቃታውን ሲስብ አፈሙዙን ገፍቷል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ሲደክም የሚያጣው ነገር አለ፤ ማመካኛውን። አንዱን ሚዛኑ ይነጥቀዋል፣ ሌላውን ከረጢቱ። በመጨረሻ እጅ ይቀራል፣ ከእጅም በስተኋላ ፈቃድ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በደንብ ተፈትኖ ሰው የገደለ ጥይትስ?» ይሉናል። እውነት ነው፣ ፈተናው ማን መመታት እንዳለበት አይናገርም፤ ለደም መመለሻ የተቀመጠ ጥይት ከሁሉ ይልቅ የተፈተነ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን የእኛኑ ነገር ያጠነክራል። ጥይቱ በታመነ ቁጥር ተኳሹ የሚሸሸግበት ጥላ ይጠባል።

የበለጠ የሚያሳስበን የሰርግና የለቅሶ ተኩስ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ አረር ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ደጅ ተኳሹ አያየውም። ሰው ሲሞት «የእግዜር ቁጣ ነው»፣ «የአላህ ውሳኔ ነው» ይባልና ሁሉም አንገቱን ይደፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ይቀጣል። ሕጉ እንግዲህ በወንጭፉ አገር ሕግ ይሄዳል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ነገሩ እንዲህ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ዳግመኛም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ወደዚህ ቆላ ገብቷል። «ጥይት መታው» የሚሉት ሁለት ቃላት ያን ጊዜ መጠለያ ናቸው፤ ለእናት የገዳይ ስም ከመስማት ይህ ይቀላታል፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ውሎ ማደር አለበት። ለቀስተኛ እንዲህ ቢል ማን ይወቅሰዋል? እኛ የማንቀበለው ተኳሹ ራሱ ያንኑ ቃል ሲዋስ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ «እስቲ እንዴት ነበር?» ሲለው፣ «ጥይቱ...» ብሎ የጀመረ ሰው ገና ቃሉን አልሰጠምና እንደገና ይጠየቅ።