ሲያረጁ መማር

ከአባቶቻችን የወረስናቸው ምሳሌዎች ሁልጊዜ በአንድ ቃል አይናገሩም። አንደኛው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲል ማዕርግ ትምህርትን ሊቀድም እንደማይገባው ያስተምራል፤ ሌላው ደግሞ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ሲል በጊዜው ያልጀመሩትን ነገር ዘግይቶ በሚጀምር ሰው ላይ ይዘብታል። ሁለቱም በየቦታቸው እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ዕድሜው አርባን ያለፈ፥ ትዳርና ልጆች ያሉት፥ በመሥሪያ ቤቱም የተከበረ አንድ ሰው ጊታር ገዝቶ ከአስተማሪ ፊት ቢቀመጥ፥ ጥቂት ቈይቶም ከአንድ የሙዚቃ ጓድ ጋር ለመጫወት ቢነሣ፥ በየትኛው ምሳሌ እንፍረድበት?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ይመስላል። ጠልቀው ሲመረምሩት ግን ሁለት ከባድ ነገሮች ይገኙበታል። የመጀመሪያው፥ ሰው ፍጹም ሊሆንበት የማይችለውን ሥራ መጀመር ይገባዋልን? የሚለው ነው። ሁለተኛውም፥ ቢጀምርስ አብረውት ለሚሠሩት ሰዎች ምን ዕዳ አለበት? የሚለው ነው።

አስቀድሞ የእፍረቱን ምንጭ መፈለግ ይገባል። በአገራችን ሙዚቃን መውደድና ሙዚቀኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ኖረዋል። አዝማሪው በማሲንቆው ግብሩን ያደምቃል፥ ጀግናውን ያወድሳል፥ በሰምና ወርቁም ሹሙን ሸንቈጥ ያደርጋል፤ ግብሩ ካበቃ በኋላ ግን ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላባት በቀላሉ አይገኝም ነበር። በገና ግን ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነበር። ዐሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ የንጉሥ ዳዊት ነው ተብሎ ስለሚታመን፥ መኳንንቱም መነኮሳቱም በጾም ወራት ይደረድሩት ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን የነቀፉት ክር መምታትን አልነበረም ማለት ነው፤ የነቀፉት የሰውን ፊት እያዩ ለእንጀራ ሲባል መጫወትን ነበር።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። አሪስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ፥ በስምንተኛው ክፍል፥ ወጣቶች ሙዚቃን በእጃቸው ሠርተው እንዲማሩ ይፈቅዳል፤ ራሱ ሠርቶ ያላየው ሰው በሌላው ሥራ ላይ መልካም ፈራጅ ሊሆን ይቸግረዋልና። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን መሣሪያውን ትተው በማድመጥና በመፍረድ እንዲወሰኑ ይመክራል። ለተመልካች ደስታ መጫወትንም ለነጻ ሰው የሚገባ ሥራ አድርጎ አይቈጥረውም።

የዚህን ታላቅ ፈላስፋ አሳብ ግማሹን ተቀብለን ግማሹን ብንመልስለት ድፍረት አይሆንብንም። መሥራት ፍርድን የሚያቀና መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በወጣትነት የተሠራ ሥራ ፍርድን እስከ እርጅና ድረስ አቅንቶ ያኖረዋል ለማለት እንዴት ይቻላል? ከሃያ ዓመት በፊት የተማረ ሰው የትምህርቱን ፍሬ ይዞ ይኖራል እንጂ ድካሙን ይረሳዋል። ድካሙን የረሳ ፈራጅም በሚደክመው ሰው ላይ ይጨክናል።

ከአሪስጣጣሊስ አስቀድሞ የነበረው ሶቅራጥስ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። አፍላጦን «ኤውቲዴሞስ» በተባለው ጽሑፉ እንደሚተርከው፥ ሶቅራጥስ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ኮኖስ ከተባለ የበገና መምህር ዘንድ ይማር ነበር። አብረውት የሚማሩት ልጆች ይሥቁበት ነበር፤ መምህሩንም የሽማግሌዎች አስተማሪ እያሉ ያፌዙበት ነበር። ሶቅራጥስ ግን ስለ ልጆቹ ሣቅ ትምህርቱን አልተወም፤ ይልቁንም ሌሎች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አግባብቶ አብረውት እንዲማሩ አደረገ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚደነቀው ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። እፍረት ብቻውን የተቀመጠን ሰው ያሸንፋል፤ ጓደኛ ያገኘውን ሰው ግን ማሸነፍ ይሳነዋል።

ይህም ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆንብን አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዜማ ያስተማረ መሪጌታ ቅኔ መማር ሲያምረው፥ ጓዙን ተሸክሞ ወደ ቅኔ ቤት ይወርዳል፤ በዚያም ጢም ካላበቀሉ ልጆች ጋር ተቀምጦ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ባንዱ ቤት መምህር የነበረ በሌላው ቤት ተማሪ ቢሆን ማንም አይገረምም፤ እንዲያውም በዚህ ይከበራል። ይህን መልካም ልማድ ያደከመብን ዘመናዊው ወንበራችን ይመስላል። ዲፕሎማውን ተቀብሎ ወንበሩን የያዘ ሰው ከዚያ ወዲያ የማስተማርና የማዘዝ እንጂ የመታረም ጊዜ ያለበት አይመስለውም።

አሁን ወደ ጊታሩ እንመለስ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ ቢሆንም ዛሬ እንግዳ አይባልም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኙአቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነፋስ መሣሪያዎችን ሙዚቃ ካስፋፉ ወዲህ፥ በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስና በጦር ሠራዊት፥ ኋላም በየቴአትር ቤቱ የተቋቋሙት ጓዶች ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከባሕር ማዶ በመጡ መሣሪያዎች አሰምተዋል። ጊታርም እንደ አብዛኛው ክራራችን ስድስት ክር ያለው በመሆኑ፥ ለዓይናችን እንደ ዘመድ ሳይታየን አልቀረም።

ለጣት ግን ዘመድ አይደለም። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብረት ክሩን ሲጫን የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ይቈስላል፤ ቈዳው እስኪደነድን ድረስ መታገሥ አለበት። ከዚህ በኋላ ሦስትና አራት ጣቶች በአንድ ቅጽበት ተነሥተው በአንድ ቅጽበት በየቦታቸው እንዲያርፉ ይጠየቃል። ቀጥሎም ሌባ ጣቱን በስድስቱ ክሮች ላይ አጋድሞ ሁሉንም እኩል እንዲጫን ይታዘዛል፤ በዚህም ስፍራ ብዙዎች ተስፋ ይቈርጣሉ። አስተማሪው ምናልባት የሃያ ዓመት ወጣት ይሆናል። እርሱም በቅንነት «ይህ እኮ ቀላል ነው» ይለዋል።

በዕድሜ የገፋውን ጀማሪ ከልጅ የሚለየው የጣቱ መድረቅ ብቻ አይደለም። የልጅ ጆሮና እጅ አብረው ያድጋሉ፤ ስለዚህ ልጅ የሚያበላሸውን ዜማ እንደ አዋቂ አይሰማውም። ጐልማሳው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልካም ሙዚቃ ሲያደምጥ የኖረ በመሆኑ ጆሮው ከእጁ እጅግ ቀድሞ ሄዷል። እጁ የሚያወጣውን ድምፅ ጆሮው ይንቀዋል። ብዙ ጐልማሶች መሣሪያውን ሰቅለው የሚተዉት መማር ተስኖአቸው ሳይሆን፥ ራሳቸውን መስማት መሮአቸው ነው። ይህን ምሬት በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት የሚታገሥ ሰው፥ ከሙዚቃው አስቀድሞ ትሕትናን ይማራል።

«ይሁን እንጂ» ይላል ተቃዋሚው፥ «ይህ ሰው ምንም ቢደክም ከልጅነቱ ጀምሮ ከተጫወተው አይደርስም። የተዋጣለትን ሙዚቀኛ ገንዘብ ከፍሎ ቢያደምጥ አይሻለውምን?» ክርክሩ ቀላል አይደለም። በውነቱ ብልጫ የግድ የሚፈለግበት ሥራ አለ፤ መካከለኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ወይም መካከለኛ የአውሮፕላን ነጂ ማንም አይመኝም። ነገር ግን አብዛኛው የሰው ልጅ መልካም ሥራ በብልጫ አይለካም። ማታ ልጁን የሚያስጠና አባት ይህን የሚያደርገው ከከተማው መምህራን ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ከምእመናኑ ጋር የሚዘምረውም ሰው ድምፁ ከመሪጌታው ድምፅ ስለሚያንስ ዝም በል አይባልም። በቤቱ የሚለማመድ ጀማሪም የጐረቤቱን ጆሮ ካልሆነ በቀር የሚጐዳው ነገር የለም። ጥቅሙ ግን ሰፊ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ስንት ወር ድካም እንደሚያስከፍል በጣቱ ያወቀ ሰው፥ ከእንግዲህ ወዲህ አዝማሪን በንቀት ዓይን ሊያየው አይችልም።

ጀማሪው ብቻውን ሳለ ነገሩ የራሱ ነው። ከሙዚቃ ጓድ ጋር በተቀመጠ ጊዜ ግን ሌላ ሕግ ይገዛዋል። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ሲሳሳት ይቆማል፥ ወደኋላ ተመልሶም ያርማል። በጓድ ውስጥ ግን ከበሮው አይጠብቀውም። የተሳሳተው ሰው ያለፈውን እዚያው ትቶ የሚመጣው ምት ላይ መድረስ አለበት፤ ስሕተቱን ለማረም ቢመለስ አንዱን ስሕተት ዐሥር ያደርገዋል። ይህ ለኅሊናም የሚጠቅም ትምህርት ነው። ራስን በጸጸት መቅጣት ብዙ ጊዜ የጨዋነት ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎች እየጠበቁን ሳሉ በራሳችን ጥፋት ላይ ተቀምጠን መቅረት፥ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ቅኝትም እንዲሁ ነው። ዛሬ በዓለም የተለመደው መቃኛ በሰኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው «ላ» የተባለው ድምፅ ነው፤ ክራር ደርዳሪ ግን ክሩን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እያስማማ ይቃኛል። በዚህም ሆነ በዚያ፥ ስድስቱ ክሮች እርስ በርሳቸው ቢስማሙ እንኳ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ካልተስማሙ ጊታሩ ተቃኝቷል አይባልም። በራሱ ቤት ትክክል የሆነ ሰው በማኅበር ውስጥ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጸናጽሉና መቋሚያው በአንድነት ይነሣሉ፥ በአንድነት ይወርዳሉ፤ ገና ያልደረሰው ደቀ መዝሙር የሊቁን ያህል ባያውቅም የሚያውቀውን በጊዜው ያደርጋል። ጐልማሳው ጀማሪም ሦስት የጣት አያያዝ ብቻ የሚችል ከሆነ፥ ሦስቱን በሰዓታቸው ማኖር፥ በቀረውም ጊዜ ዝም ማለት ሙሉ ግዴታው ነው። ዝም የማለት ጊዜን ማወቅ በተለይ መናገር ለለመደ ባለሥልጣን ከጣት ልምምድ ይልቅ ይከብዳል።

እንግዲህ የዕዳውን ነገር በአጭሩ እንወስን። የመጀመሪያው ዕዳ ለቤተሰቡ ነው፤ ለልጆቹ የሚገባውን ጊዜና ገንዘብ ለጊታሩ ያዋለ አባት፥ ጥበብን ወደድሁ ብሎ ሊመካ አይችልም። ሁለተኛው በሙዚቃ ለሚተዳደሩት ሰዎች ነው፤ ደመወዝ ያለው ሰው በየሠርጉ ያለ ዋጋ እየተጫወተ የባለሙያውን እንጀራ ቢያሳጣ፥ የእርሱ ደስታ የሌላው ረኀብ ይሆናል። ሦስተኛውና ከባዱ ግን ለጓዱ ነው፤ ይኸውም እንዲያርሙት መፍቀድ ነው። ጓዶቹ በሥራው የበታቾቹ ቢሆኑ፥ ሲሳሳት «ግሩም ነው» ይሉታል፤ ከበሮ መቺው እርሱን እየጠበቀ ምቱን ያዘገያል፤ ሙዚቃውም ይሞታል። ስለዚህ ማዕርጉን ከበር ውጭ ሰቅሎ ለመግባት የማይችል ሰው ቢቀር ይሻለዋል። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የተባለውም በእንዲህ ያለው ላይ ይጸናል፤ አምባር ለመታየት የሚጠለቅ ጌጥ ነውና። ወጣት ለመምሰል ወይም ለመጨብጨብ ሲል ጊታር ያነገተ ሰው ምሳሌው ይመለከተዋል። ለመማር የተቀመጠውን ግን አይነካውም።

አንድ መምህር ከተማሪው፥ አንድ ሹም ከባለጉዳዩ ጋር ሲነጋገር ዘወትር ከአፉ የሚወጣ ቃል አለ፤ «ይህ እኮ ቀላል ነው» የሚለው። ቃሉ በክፋት አይነገርም። ነገር ግን ስሌቱ ላልገባው ልጅ፥ ቅጹን መሙላት ላቃተው የገጠር ሰው፥ «አንተ ከሰው ሁሉ ታንሳለህ» እንደ ማለት ሆኖ ይሰማዋል። ይህን ቃል ማታ ከወጣት አስተማሪው የሰማ፥ የቈሰለውን ጣቱን እያየም ቀላል አለመሆኑን ያወቀ ሰው፥ በማግሥቱ ጧት በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ቃል ለሌላው ሊናገር ሲል ጥቂት ዝም ይላል። ጊታሩን መቼም በደንብ ሳይጫወተው ቢሞት እንኳ፥ ስለዚያች አጭር ዝምታ መማሩ የተገባ ነበር።