መኪና ሊያነሳ፣ ፎቶ ሊያነሳ

በቋንቋችን ፎቶግራፍ «ይነሳል»። የወደቀ ሰውም ይነሳል፤ ሸክምም ይነሳል። ይህን የቃል መገጣጠም እንደ ዋዛ ልናልፈው እንችል ነበር፣ በሆላንድ አገር በዛንድቮርት የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1973 የተነሱት ፎቶግራፎች ባይኖሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውድድሩ ገና 8ኛው ዙር ላይ ሳለ የወጣቱ እንግሊዛዊ የሮጀር ዊሊያምሰን መኪና ከመንገዱ ዳር ካለው የብረት አጥር ጋር ተጋጨች፤ ተገለበጠች፤ ነደደች። ልጁ ከሥሯ ቀረ። በግጭቱ ክፉኛ አልተጎዳም ነበር ይባላል፤ መውጣቱ ነው ያቃተው። ከኋላው ይመጣ የነበረው ዴቪድ ፐርሊ አደጋውን በዓይኑ ስላየ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ሌሎቹ የሚከንፉበትን መንገድ በሩጫ ተሻገረ። የተገለበጠችውን መኪና ብቻውን ሊያነሳ ታገለ። አልሆነለትም። የእሳት ማጥፊያ አምጥቶ ረጨ፤ አለቀበት። ለሚያልፉት ተወዳዳሪዎች እጁን አወናጨፈ፤ ማንም አልቆመም። አጠገቡ የነበሩት የሜዳው ሠራተኞች እሳት የሚከላከል ልብስ ስላልነበራቸው መጠጋት አልቻሉም። የእሳት አደጋ መኪናው እስኪደርስ 8 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ውድድሩ ግን አልተቋረጠም። ጃኪ ስቱዋርት አንደኛ ወጣ፤ 26ኛ ድሉ ስለሆነም በጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን ነበር።

ኮር ሞይ የተባለ ሆላንዳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን ትግል በተከታታይ አነሳው። ፎቶዎቹም የዓለም የፕሬስ ፎቶግራፍ ሽልማት አገኙ። እንግዲህ አንዱ መኪና ሊያነሳ ይታገላል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል።

መቼስ ሥዕሎቹን ያየ ሰው ቶሎ የሚፈርደው በፎቶ አንሺው ላይ ነው። «ካሜራውን ጥሎ አይሮጥም ነበር ወይ? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ አይደለም ወይ?» ይባላል። እኔ ይህ ፍርድ ቀላል ስለሆነ ብቻ ያጠራጥረኛል። ልብስ ያልነበራቸው ሠራተኞች ያልቻሉትን እሱ በሸሚዝ ይችለው ነበር ለማለት ይከብዳል። ደግሞስ ፎቶው ባይኖር ከዚያ ቀን የሚተርፈን ምን ነበር? የስቱዋርት 26ኛ ድል፣ ከሥሩም በትንንሽ ፊደል አንድ የሞት ዜና። ግን ይህንንም ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ «ጠቅሟል» ማለት «አላጠፋም» ማለት አይደለም። ሁለቱን እያምታታን ስንቱን ነገር ይቅር ብለናል!

ከባዱ ጥያቄ ያለው ሳያቆሙ ባለፉት ተወዳዳሪዎች ዘንድ ነው። በኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የመለሱት፣ በእሳቱ አጠገብ የሚሯሯጠውን ሰው የነደደችው መኪና ባለቤት መስሏቸው እንደነበረ ነው። አምልጦ ወጥቷል፣ አሁን ንብረቱን ሊያድን ነው ብለው አሰቡ። ይህ እውነት ነው፤ ፎቶው ደግሞ ይህን እውነት ሊያሳይ አይችልም። ፎቶግራፍ ሰው ያደረገውን እንጂ ያወቀውን አይዝም። እኛ ግን ሁሉን ካወቅን በኋላ እያየን፣ እነሱ በማያውቁት ነገር ልንፈርድባቸው እንቸኩላለን።

ካሜራ እንዲህ ያለ ባሕርይ እንዳለው ለማየት ወደ ቀድሞው ዘመን መመለስ ይበቃል። ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ገና ለጋ ወጣት ሳለ ያነሳው ዝነኛ የእሽቅድምድም ፎቶ አለ፤ ዘመኑ ለብዙ ጊዜ 1912 ተብሎ ተጽፏል፣ ኋላ 1913 ነው ያሉ ተነስተዋል። የመኪናዋ ጎማ እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሎ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ኋላ። ያዘነበለ ሰው ግን አልነበረም። በዚያ ካሜራ ብርሃኑ በጠባብ ክፍተት እያለፈ ሥዕሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በየተራ ስለሚጽፈው፣ ላርቲግም ካሜራውን የመኪናዋን ያህል ሳይፈጥን ወደምትሄድበት አቅጣጫ ስላዞረው የመጣ ነው። ውሸት ልንለው እንችላለን፤ ፍጥነትን ግን እንደዚያ ሥዕል የነገረን የለም።

የላርቲግ ውሸት ማንንም አልጎዳም። የማይክ ሆውቶርን ፎቶ ግን እንዲያ አልነበረም። በ1955 «ሌ ማን» በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር አንዲት መርሴዲስ ወደ ሕዝቡ ገብታ ከ80 ሰው በላይ አለቀ። ውድድሩ ቀጠለ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ከወጣ ለአምቡላንሶች መንገድ ይዘጋል ተባለ። በማግሥቱ ያሸነፈው ሆውቶርን ሻምፓኝ ይዞ ሲስቅ ተነሳ። አንድ የፈረንሳይ መጽሔት ያንን ፎቶ በምጸት አጅቦ አወጣው። ከዚያ በፊትና በኋላ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበረ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። የአንድ ሴኮንድ ጥርስ የሰውየው ጠባይ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ የዛንድቮርቶቹንም «አያውቁም ነበር» ብለን እንልቀቃቸው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የሜዳው አንድ ዙር በዚያን ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። በ8 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው በዚያ ጭስ አጠገብ አምስት ጊዜም በላይ አልፈዋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር አለማወቅ ንጽሕና ነው። በሦስተኛውስ? በአራተኛውስ? ሰው ያላወቀው ማወቅ ስላልቻለ ነው ወይስ ማወቅ ማቆምን ስለሚያስከትል? ለመቁረጥ ያስቸግረኛል። ግን ከተወዳዳሪዎቹ ይልቅ፣ ማንም ሳያውቅ እንዲያልፍ ነገሩን ያመቻቸው ክፍል ይበልጥ ይጠየቃል ባይ ነኝ፤ ውድድሩን ለማቆም ሥልጣን የነበረው፣ ሠራተኞቹን ያለ ልብስ እሳት ዳር ያቆመው። የዚያ ክፍል ፊት ደግሞ በአንዱም ፎቶ ላይ የለም። ካሜራ ሜዳ ላይ ያለውን ነው የሚያገኘው፤ ቢሮ ውስጥ ያለውን ማን ያነሳዋል?

ፐርሊ ለዚያ ቀን ሥራው የጆርጅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1985 በትርዒት አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ሞይም ተሸለመ፤ ስቱዋርትም ዋንጫውን ወስዷል። ሥዕሎቹን ደግመን ብናይ ፐርሊን እናያለን፣ እሳቱን እናያለን፣ ቆመው የሚያዩትን እናያለን። ዊሊያምሰን አይታይም። ከመኪናዋ ሥር ነው። 25 ዓመቱ ነበር።