የሳይንስ ውድድርና የአማና ጥያቄ

«ልጄ ለሳይንስ ምርምር ውድድር ልትመዘገብ ትፈልጋለች፤ ዒልሙን እወድላታለሁ፣ ግን ስምና ዝና ፍለጋ እንዳይሆንባት እሰጋለሁ» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትልቁ ፈተና ያለው ወላጆቹ በሚያዩት በኩል ሳይሆን በሌላ በኩል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት አንድ አንጋፋ የሳይንስ ተሰጥኦ ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ድጋፍ ተጀመረ፤ ከ1998 ኢንቴል፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ሬጄነሮን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ወጪውን ይሸፍናል። ወደ 2 ሺህና ከዚያም በላይ የሚሆኑ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በየግላቸው የሠሩትን ምርምር ያቀርባሉ። ከእነርሱ 300ው ይመረጣሉ፣ ከ300ው 40ዎቹ ዋሽንግተን ይጠራሉ፣ አንደኛ የወጣው 250 ሺህ ዶላር ይሸለማል። ቀድሞ በዚህ መድረክ ካለፉት መካከል ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ከአሥር በላይ ናቸው። ከ1950 ጀምሮ የሚካሄድና ዛሬ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተማሪዎች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ የሳይንስና ኢንጂነሪንግ አውደ ርዕይም አለ። በአገራችንም ተማሪዎች የፈጠራ ሥራቸውን ይዘው የሚወዳደሩባቸው መድረኮች አሉ።

እንግዲህ መወዳደሩ ራሱ ምን ችግር አለው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን ማወዳደራቸው፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ.) ከጋላቢዎቹ አንዱ እንደነበሩ በሰሒሕ ሐዲስ ተላልፏል። ስለ ሽልማቱ ፉቀሃእ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ኢብኑል ቀዪም «አል-ፉሩሲያ» በተባለው ኪታባቸው በዒልም የሚደረግን ውድድር ከፈረስና ከቀስት ጋር አያይዘው ፈቅደዋል። ተወዳዳሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው ቢጠቀልለው ቁማር ይሆናል፤ ሦስተኛ ወገን ከራሱ ኪስ የሚሰጠው ሽልማት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም።

ስለ ሪያእም ቢሆን ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። «ዓሊም ነው» እንዲባል የተማረ ሰው በቂያማ ዕለት መጀመሪያ ወደ እሳት ከሚጣሉት ሦስቱ አንዱ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ፉደይል ኢብኑ ዒያድ ሰው ያየኛል ብሎ መልካም ሥራን መተው ራሱ ሪያእ ነው ማለታቸውም የታወቀ ነው። ኒያዋን የፈራች ልጅ ኒያዋን ታስተካክል እንጂ ምርምሯን አትጣል።

አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። ሥራው የማን ነው?

የ17 ዓመት ልጅ የካንሰር ሕዋስ የሚያሳድግበት፣ ጂን የሚያነብበት መሣሪያ በቤቱ የለውም። ስለዚህ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ በክረምት የእረፍት ጊዜው እንዲሠራ ይለምናል። ከተፈቀደለት ፕሮፌሰሩ ከራሳቸው ትልቅ ጥናት ቆርሰው አንድ ትንሽ ጥያቄ ይሰጡታል። የዶክትሬት ተማሪዋ እጁን ይዛ ፒፔት ታስጨብጠዋለች፤ ሙከራው ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ የምታውቀው እርሷ ናት። ስሌቱን የሚያወጣውን ፕሮግራም ደግሞ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሱፉን ለብሶ፣ በትልቅ ፖስተር ፊት ቆሞ «ምርምሬ እንደሚያሳየው» ይላል። ዋሸ እንዳንል ሠርቷል፤ ለፍቷል። ሁሉን እውነት ተናገረ እንዳንልም አንችልም።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሐዲስ ሊቃውንት ስም አውጥተውለታል፤ ተድሊስ ይሉታል። ሙደሊስ የተባለው ራዊ ብዙውን ጊዜ ፈጥሮ የሚናገር ሰው አይደለም። ከታላቁ ሸይኽ በቀጥታ ያልሰማውን ሐዲስ፣ በመካከል ያለውን ሰው ስም ዘልሎ፣ በቀጥታ እንደሰማ በሚያስመስል አነጋገር ያስተላልፈዋል። ቃላቱ አንድ በአንድ ሲታዩ ውሸት የለባቸውም፤ አድማጩ ይዞት የሚሄደው ግምት ግን ውሸት ነው። ሹዕባ ኢብኑል ሐጃጅ ይህን ነገር የውሸት ወንድም አድርገው ነበር የሚያዩት። በመካከል ያለው ሰው ስሙ የተዘለለው ብዙውን ጊዜ ዝናው አነስተኛ ስለሆነ ነበር። በላቦራቶሪውም እንዲሁ ነው፤ የሚረሳው የፕሮፌሰሩ ስም ሳይሆን የዶክትሬት ተማሪዋ ስም ነው።

የሚገርመው፣ ከላይ የጠቀስነው ዓለም አቀፍ አውደ ርዕይ ሳያውቀው የሙሐዲሶቹን ሥራ መሥራቱ ነው። ተማሪው በምርምር ተቋም ውስጥ ከሠራ፣ የተቆጣጠረው ሳይንቲስት ለዚሁ የተዘጋጀ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል። ተማሪው ሐሳቡን ከየት አገኘው? በቡድን ውስጥ ነበር ወይ? በእጁ የሠራው የትኛውን ነው? ምን ያህል በራሱ አሰበ? እያለ ይጠይቃል ቅጹ። ኢስናድ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው?

በቅርቡ ብዙ የተወራለትን የሔመን በቀለን ነገር እንመልከት። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ይህ ታዳጊ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ14 ዓመቱ ስሪኤም የተባለው ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸንፎ 25 ሺህ ዶላር ተሸለመ። በልጅነቱ በኢትዮጵያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ማየቱን እያስታወሰ፣ ለቆዳ ካንሰር የሚሆን ርካሽ ሳሙና አሰበ። በሳሙናው የሚገባው ኢሚኪሞድ የተባለ መድኃኒት ቀድሞም በቅባት መልክ ለቆዳ ሕመም ይታዘዝ የነበረ ነው። ኩባንያው አንዲት ሳይንቲስት መድቦ አማክሮታል፤ ኋላም በጆንስ ሆፕኪንስ አንድ ተመራማሪ በላቦራቶሪው ተቀብሎታል። በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ታዳጊ ብሎ ሲመርጠው ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ነበር፤ በሰው ተሞክሮ ለገበያ ለመብቃት ዓመታት ይቀሩት ነበር። ይህ ሁሉ ከልጁ የተደበቀ አይደለም፣ ልጁም አልደበቀውም። በእኛ ዘንድ ግን ወሬው «ኢትዮጵያዊው የካንሰር መድኃኒት አገኘ» ሆኖ ተዛመተ። ልጁ ያላለውን እኛ አልንለት! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አድርጎ የሚጠግብን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። እኛ ልብሱን ለሰው ልጅ ገዝተን የምናለብስ ሆነናል። (ኢብኑል ሀይሰም ስለ ብርሃን የጻፉትን እየጠቀስን ራሳችን የጻፍነው የሚመስለንም ከዚሁ አይርቅም፤ ሰውየው በለፉበት እኛ መኩራራቱን ለምደናል።)

በቤታችን ያለውም አይታለፍ። «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተለጥፎ ያላየ የከተማ ሰው የለም፤ ማማከር የሚለው ቃል ምን እንደተሸከመ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በአሜሪካም ታዳጊዎችን በክፍያ ከተመራማሪ ጋር የሚያገናኙ ድርጅቶች በዝተዋል። አንዳንዶቹ በእውነት ያስተምራሉ፤ ወላጅ ግን የሚከፍለው ለትምህርቱ ይሁን ለስሙ ራሱን ቢጠይቅ ይገባል።

«ታዲያ ፕሮፌሰር አባት የሌላት፣ አባቷ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ልጅ ከእነዚህ ጋር እንዴት ትወዳደር?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶቹን ሲያወዳድሩ ለውድድር የተገሩትን ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ፣ ያልተገሩትን ደግሞ ከሰኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ በአጭሩ መንገድ ነበር ያስሮጧቸው። ሁለቱን በአንድ ሜዳ አላደባለቁም። ዛሬ ግን ሜዳው አንድ ነው፤ አዘጋጆቹ የሚያደርጉት ቅጹን ማንበብ ብቻ ነው። ልጅቱ ያላት መንገድ ላቦራቶሪ የማይጠይቀውን ጥያቄ መምረጥ ነው፤ ሒሳብ፣ ኮምፒውተር፣ የሰፈሯ ውሃ፣ በግልጽ የተለቀቀ የጠፈር መረጃ። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ ማን ምን እንደሠራ ለመናገር አያስቸግርም።

ሌላም ፈተና አለ። የማስረከቢያው ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ውጤቱ አልመጣም፤ ወይም የመጣው ከተጠበቀው ተቃራኒ ነው። ከሠላሳው ልኬት ሦስቱን «ስህተት ናቸው» ብሎ ማውጣት ብቻ ሥዕሉን ያሳምረዋል። ማንም አያይም። ኢማም ማሊክ ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ጠያቂ፣ በተከታዮቻቸው ፊት፣ «ላ አድሪ» ለማለት አያፍሩም ነበር፤ አንድ ተማሪም «አላገኘሁም» ብሎ ቢጽፍ ከእርሳቸው ሱና የራቀ አይደለም። ሽልማቱን ግን ሊያጣ ይችላል፤ ይህን ደብቀን ልጆቻችንን አናታልል።

በአሜሪካው ውድድር እስከ 40ዎቹ የደረሱ ተማሪዎች ዳኞች ፊት ሲቀርቡ ስለ ፖስተራቸው ብቻ አይጠየቁም። ባዮሎጂ የሠራውን ስለ ከዋክብት፣ ሒሳብ የሠራችውን ስለ ሕዋስ ይጠይቋቸዋል። መልሱን ማወቃቸውን ሳይሆን የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው እንዴት እንደሚያስቡ ለማየት ነው። ፕሮፌሰሩም፣ የተከፈለው አማካሪም፣ አባትም ከውጭ ይጠብቃሉ።